የአባቴ ጃኬት በተዋናዩ ትከሻ

ባለፈው ኅዳር ከጎንደር ወደ መተማ ዮሐንስ ስወርድ አውቶቡሱ ውስጥ ያንን ፊልም ከፈቱት። ገና አይከልን እንዳለፍን ረዳቱ ፍላሹን ሰካ፣ ስክሪኑ ብልጭ ድርግም አለ፣ ከዚያ ያ የማውቀው ሜዳ፣ ያ የማውቀው የሰሊጥ ክምር መጣ።

«አንተ ልጅ፣ ሌላ የለህም? ዘፈን ክፈትልን» አልሁት።

«እህቴ፣ ይኼ እኮ የሀገራችን ታሪክ ነው! እውነተኛ ታሪክ ነው!» አለኝ።

እውነተኛ ታሪክ!

አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫን አድርገው ያለቅሳሉ። ፊልሙ ላይ ያለው ጠበቃ የቀን ሠራተኞቹን ሰብስቦ ሲያነጋግር አለቀሱ። ጠበቃው ልጁን ስሞ መኪና ውስጥ ሲገባ አለቀሱ። መንገድ ላይ የታጠቁት ሰዎች ብቅ ሲሉና ሾፌሩ ላብ በላብ ሆኖ «ጋሼ፣ እንመለስ ይሻለናል፣ እኔ የልጆች አባት ነኝ» ሲል ግን ለቅሷቸውን አቋርጠው «ኤዲያ! ፈሪ!» አሉ።

ያ ሾፌር አባቴ ነው። ማለቴ፣ አባቴ ነው ተብሎ የተሠራ ሰው ነው። አባቴ አለባቸው ይባላል፤ ወዳጆቹ አለቤ ይሉታል። ፊልሙ ላይ ግን ስም የለውም፣ ሾፌር ብቻ ነው። ደግሞ ሾፌርም አልነበረም።

እኔ ቅናተኛ ነኝ፣ አልክድም። ሌላዋ ሴት በባሏ ትቀናለች፣ በጎረቤቷ ቤት ትቀናለች። እኔ የምቀናው በሞተ ሰው ነው። ይህ ነገር የባሰብኝ ደግሞ በዘጠኝ ዓመቴ፣ ፊልም ሠሪዎቹ መተማ በመጡበት የሰሊጥ አጨዳ ወቅት ነው።

አባቴ በአንድ ትልቅ እርሻ ትራክተር ነጂ ነበር። አጨዳ ሲደርስ ከጎጃምም ከወሎም የቀን ሠራተኛው እንደ ጉድ ይወርዳል፤ እኛ ሳሉግ እንላቸዋለን። ቆላው ደግሞ እንግዳ አይምርም። ወባው አለ፣ ካላዛሩ አለ። የታመመ ሳሉግ አያጭድም፤ የማያጭደውን ደግሞ ወኪሉ፣ ማለት ባለሀብቱን ተክቶ እርሻውን የሚያሠራው ሰው፣ ከካምፕ ያስወጣዋል። እዚያው መንገድ ዳር ዛፍ ሥር ነው የሚጣሉት። አባቴ ማታ ከማሳ ሲመለስ እነሱን ከየዛፉ ሥር እየለቀመ፣ ተሳቢው ላይ እየጫነ ጤና ጣቢያ ያደርሳቸው ጀመር።

ወኪሉ ጠርቶ «ትራክተሩ አምቡላንስ አይደለም» አለው።

«እኔም ሬሳ ጠባቂ አይደለሁም» አለው አባቴ። በዚያው ተባረረ።

እሱ ግን አርፎ የሚቀመጥ ሰው አይደለም። በየካምፑ እየዞረ «የታመመ ሰው መታከም መብቱ ነው፣ ልመና አይደለም» እያለ ሠራተኛውን ማነጋገር ያዘ። ነገሩ ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት ጎንደር ሄዶ ጠበቃ ዮናስን ይዞ መጣ። ይህን ልብ በሉልኝ። ጠበቃው አይደለም አባቴን ያመጣው፤ አባቴ ነው ጠበቃውን ያመጣው።

ጠበቃ ዮናስ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እኔም ይቀለኝ ነበር። ግን ደግ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያች አሮጌ መኪናው ይመጣል፣ እኛ ቤት ያድራል፣ ለኔ ከጎንደር ዳቦ ያመጣልኛል። ታዲያ እሱ የመጣ ቀን አባቴ እኔን ይረሳኛል። መሶብ ሲቀርብ የመጀመሪያዋ ጉርሻ የኔ ነበረች፤ ቅዳሜ ግን የጠበቃው ናት። «ዮናስ፣ በሞቴ!» እያለ ያጎርሰዋል። እኔ ዳቦዬን ይዤ ጥግ ላይ እንደተነፋሁ እቀመጣለሁ። እንግዲህ ቅናቱን የጀመርሁት ሁለቱም በሕይወት እያሉ ነው።

በክረምቱ መውጫ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ወደ ካምፕ ሲሄዱ የታጠቁ ሰዎች መንገድ ላይ ጠብቀው ሁለቱንም ገደሏቸው። መኪናውን የሚነዳው ጠበቃው ነበር። አባቴ ትራክተር እንጂ የትንሽ መኪና መሪ ነክቶ አያውቅም። ሬዲዮው ግን «ጠበቃው ከነሾፌሩ ተገደለ» አለ። ፊልሙም ከዚያው ነው የቀዳው።

የጠበቃውን አስከሬን ጎንደር ወሰዱት። እኛም ቀብሩን በአደም ሱቅ ቴሌቪዥን አየነው፤ መኪናው ተሰልፎ፣ ጥቁር ካባ የለበሱ ሰዎች መጥተው፣ አበባው ተደርድሮ። አደም ጎረቤታችን ነው፣ ከድንበሩ ማዶ፣ ከሱዳኗ ገላባት ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ። በአባቴ የቀብር ቀን ግን እኛ ቤት የመጡት አደም ራሱ፣ አንድ ቄስና አባቴ ከወባ ያተረፋቸው ሁለት የጎጃም ልጆች ናቸው። ሰው ፈራ። ገዳዮቹ አልተያዙም። ያስገደለው ወኪሉ እንደሆነ ሁሉም በልቡ ይጠረጥራል፣ በአፉ የሚናገር ግን አንድ አልተገኘም። ወኪሉ በየቀኑ በደጃችን በመኪና ያልፍ ነበር።

እቴ ብርቄም አልመጡም። እቴ ብርቄ የከተማችን አልቃሽ ናቸው፤ እሳቸው ሙሾ ያላወረዱለት ሰው ሞቷል አይባልም። በኛ ሀገር ሰው ሲሞት ልብሱ ይወጣል። ወገኑ ልብሱን ከፍ አድርጎ ይዞ መሐል ሜዳ ይዞራል፣ አልቃሿ ልብሱን እያየች የሰውየውን ሥራ በግጥም ታወርዳለች፣ ልጁ ካለ ልብሱን ይዞ ከፊት ይቆማል። የአባቴ ልብስ ከሣጥን አልወጣም። እናቴ በሩን ዘግታ፣ ትራሷን ነክሳ ብቻዋን አለቀሰች። እኔ ለቅሶው እስኪጀመር የቻልሁትን ያህል ጠበቅሁና፣ የሚመጣ ሰው ሲጠፋ ተውሁት። እንዴት ብዬ ላልቅስ? ለብቻ ይለቀሳል እንዴ?

በዓመቱ ጥቅምት ላይ ነው ፊልም ሠሪዎቹ ከአዲስ አበባ የመጡት። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ነዶው ቆሞ እየደረቀ፣ አገሩ ሁሉ ያንን የሰሊጥ ቅጠል ሽታ ይሸታል። «ስለነዚያ ስለተገደሉት ፊልም ሊሠራ ነው» ተባለ። እኔ በደስታ ዘለልሁ።

ምክንያቱም እኔ ስለ ፊልም የራሴ እውቀት ነበረኝ። አደም ሱቁ ውስጥ የሕንድ ፊልም ያሳየናል። አንድ ሳምንት ደረቱን በጥይት ተመትቶ የሞተ ሰውዬ በሚቀጥለው ሳምንት ሸሚዙን ቀይሮ ተራራ ላይ ሲጨፍር አይቻለሁ። ስለዚህ ፊልም የሚሠራለት ሰው ሞቶ አይቀርም ብዬ ደምድሜ ነበር። አደምን «ፊልም ላይ ከገባ ይኖራል አይደል?» ስለው፣ እሱም እንደ ልማዱ ግማሹን በዓረብኛ «ተማም! ለዘላለም ይኖራል» አለኝ። በቃ፣ ካንድ ትልቅ ሰው ሰማሁ።

ከዚያ «የሟች ልጅ ሆና የምትሠራ ሴት ልጅ አለች» የሚል ወሬ መጣ። የሟች ልጅ ማን ናት? እኔ ነኛ! ቦኖ ወርጄ ገላዬን እስኪላጥ ታጠብሁ፣ የጥምቀት ቀሚሴን ለበስሁ፣ ያረፉበት ሆቴል በር ላይ ሄጄ ተቀመጥሁ። እዚያ ስጠብቅ ነጭ ሚኒባስ መጣችና አንዲት እኩያዬ ልጅ ጃንጥላ ተይዞላት ወረደች። ፀጉሯ ለስላሳ፣ ጫማዋ ነጭ። በመተማ አቧራ ነጭ ጫማ!

አንድ ወረቀት የያዘ ወጣት አየኝና «አንቺስ ማነሽ ቆንጆ?» አለኝ።

«የሟች ልጅ» አልሁት።

ሳቀ። «የሟች ልጅማ እሷ ናት» አለና ወደ ባለጃንጥላዋ አመለከተኝ።

ስሟ ሶልያና ነው፣ ሶሊ ይሏታል። የጠበቃው ልጅ ሆና ልትሠራ ነው የመጣችው። ቤቴ እስክደርስ እንባዬ ቀሚሴን አበሰበሰው። ለአባቴ ያላለቀስሁትን ለነጭ ጫማ አለቀስሁት።

ይባስ ብሎ የኛን ቤት መረጡት። ዳይሬክተሩ፣ መነጽር ግንባሩ ላይ የሚሰቅል ቀጭን ሰው፣ ግድግዳችንን በመዳፉ እየዳሰሰ «ይኼ ነው! ጠበቃው ሲመጣ የሚያርፈው እዚህ ነው» አለ። እናቴ «እውነትም እዚህ ነበር የሚያርፈው» አለችው። ይኼ ሁሉ ሲሆን እኔ አልጋዬ ላይ ተቀምጫለሁ፤ አልጋዬንም ለቀረጻው አወጡት።

ሶሊን ቆላው ገና በመጀመሪያው ቀን በላት። አንገቷ ላይ ሙቀቱ ሽፍ አለባት፤ ትንፋሽ አጠራት። ሆቴሉ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ምድጃ ነው። እናቴ «ይቺ የሰው ልጅ እኔ ጋ ትዋል» አለች። ግቢያችን ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ምንጣፍ አነጠፈችላት፣ ሌሊት ደጅ ያደረ ቀዝቃዛ ውኃ ከገንቦ እየቀዳች አንገቷን አጠበቻት።

«አይ የኔ እናት፣ አይ የኔ አበባ፣ ይኼ ክፉ ቆላ እኮ ልስላሴ አይወድም» ትላታለች።

ሶሊም ዓይኗን ጨፍና «ደስ ሲል! እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋም» ትላለች። ይኼኔ እናቴ ሳቀች። እናቴ! አባቴ ከሞተ ጀምሮ ጥርሷን ያላየሁት ሴትዮ፣ ለባዕድ ልጅ ሳቀች። እኔ ያንን ዓመት ሙሉ እንጨት ስለቅም፣ ውኃ ስቀዳ፣ በፈተና አንደኛ ስወጣ አንድ ቀን አልሳቀችልኝም። ከዛፉ ጀርባ ቆሜ ጥፍሬን ስበላ ደም ወጣኝ። ያን ቀን እናቴ ያቺን ልጅ ስታይ ምን እንዳየች የገባኝ እኔ ራሴ ሰው ከሆንሁ በኋላ ነው፤ ያቺ ልጅ ምንም አልደረሰባትም፣ እሷን ማጠብ አያስፈራም፤ እኔን ስታይ ግን አባቴን ታያለች።

ሶሊ ክፉ አልነበረችም። እንደ ጠበቃው ናት፣ መጥላት አስቸጋሪ። አንድ ቀን ከብስኩቷ ግማሹን ሰጠችኝና ጠየቀችኝ፦

«አባትሽ ምንድን ነው የሚሠራው?»

«ፊልም ላይ ነው።»

«እውነት? ምን ሆኖ?»

«ራሱን ሆኖ።»

አሰበችና «ስክሪፕቱን አንብቤዋለሁ፣ የቱ ነው?» አለች። «አለባቸው» አልኋት። «አለባቸው የሚባል ሰው የለም እኮ» አለች። እንዲሁ በቅንነት ነው ያለችው። ብስኩቱን መለስሁላት።

ያን ቀን ዳይሬክተሩ ጋ ሄድሁ። ምሳ እየበላ ነበር።

«አባቴን ማን ነው የሚሠራው?» አልሁት።

«አባትሽ... እ! የሾፌሩ ልጅ ነሽ? ጌጡ ነው የሚሠራው፣ ባጃጅ የሚነዳው።»

«አባቴ ሾፌር አይደለም። ጠበቃውን ያመጣው እሱ ነው።»

ዳይሬክተሩ እጁን ታጠበና ቁጢጥ ብሎ ፊቴን በፊቱ ትይዩ አደረገ። «አየሽ የኔ ቆንጆ፣ ተመልካች አንድ ሰው ነው የሚወደው። ሁለት ሰው ካሳየነው ግራ ይገባዋል።»

«እኔ ሁለት ሰው እወዳለሁ።»

«ማንና ማንን?»

«አባቴንና እናቴን።»

ሳቀና ጉንጬን ቆንጠጥ አደረገኝ። ሰዎቹም ሳቁ። የቀለድሁ መስሏቸው ነው።

ጌጡ ደግሞ በደስታ ሊያብድ! የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ናት፤ እሷንም ለመላው መተማ አስተማራት። ባጃጁን እያቆመ ተሳፋሪውን «ስሙኝማ፣ በዚህ አነጋገር ይሻላል ወይስ በዚህ?» ይላል፤ ከዚያ አንዴ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ፣ አንዴ በልቅሶ «ጋሼ፣ እንመለስ ይሻለናል» ይላል። ልጆች ሲያዩኝ «ጋሼ፣ እንመለስ!» እያሉ ይሮጡ ጀመር። አንዱን በድንጋይ አባረርሁት፤ የሚሉት ግን ሁሉም ናቸው፣ ስንቱን ላባርር?

እናቴ አንድ ነገር ብላ እንድታስቆማቸው ለመንኋት። «እማ፣ ንገሪያቸው። አባባ እንመለስ አይልም።»

«ዝም በይ» አለችኝ።

«ለምን?»

«ያ ሰውዬ ወንበር አስመጥቶ ቁጭ ብሎ ያይ የለም እንዴ?»

እውነቷን ነው። ሜዳውንና ትራክተሩን ለፊልሙ ያዋሰው ወኪሉ ነው። ጃንጥላ ሥር ወንበር ተሰጥቶት፣ ቀዝቃዛ ሚሪንዳ እየጠጣ የሚሠሩትን ያያል። ዳይሬክተሩ «ትልቅ ተባባሪያችን» ይለዋል። ወኪሉ ለጠበቃው ሞት የተሠራ ፊልም አላስጨነቀውም፤ ፊልሙ ላይ ገዳዮቹ ተራ ሽፍቶች ናቸው።

በማግስቱ የልብስ ኃላፊዋ ሴት መጥታ እናቴን «የዚያን ጊዜ ልብስ ካለዎት ያውሱን፤ አዲስ ነገር ካሜራ ላይ ያስጠላል» አለቻት። እናቴ ብዙ ካቅማማች በኋላ ሣጥኑን ከፍታ የአባቴን ካኪ ጃኬት አወጣች። ወኪሉን ሊያነጋግር ሲሄድ፣ ጎንደርም ሲወጣ የሚለብሳት ናት። በአንዱ ክርኑ ላይ ካኪ ክር ስታጣ በብርቱካንማ ክር የጠቀመችው ቦታ አለ፤ ከተማው ሁሉ በዚያ ክር ይቀልድበት ነበር። የሞተ ዕለት ሙቀት ስለነበረ አልለበሳትም።

እኔ ገባኝ ብዬ በልቤ ደስ አለኝ። ለጌጡ ልታለብሰው ነው፤ ጌጡ ጃኬቷን ሲለብስ አባቴን ይመስላል፣ አባቴን ከመሰለ ደግሞ ያንን የፈሪ ነገር መናገር ያፍራል። እየሮጥሁ ተከተልኋት።

ጠበቃውን የሚሠራው ተዋናይ፣ ረጅም፣ መልከ መልካም ሰው፣ መስታወት ፊት ቆሞ ነበር። የልብስ ኃላፊዋ ጃኬቷን ለእሱ አለበሰችው። ትከሻው ላይ ልክክ አለች። «ዋው!» አለ ዳይሬክተሩ። «አሁን የሕዝብ ልጅ መሰልህ!»

«የአባቴ ናት!» ብዬ ጮህሁ። «አውልቃት! የአባቴ ናት!»

እናቴ አፌን በመዳፏ አፈነችኝና ጎትታ አወጣችኝ። ስታለቅስ ነበር፣ ግን «ልብስ ነው፣ ልብስ ብቻ ነው» አለችኝ። ያኔ በጠበቃው ላይ የነበረኝ ቅናት ሁሉ ገንፍሎ ወጣ። ጉርሻዬን ወሰደ፣ ለቅሷችንን ወሰደ፣ የአባቴን ሥራ ወሰደ፣ አሁን ደግሞ ሞቶም ልብሱን ለበሰ። ሌላ ምን ቀረው? እኔን ብቻ አልወሰደም፤ እኔን የማይፈልገውም የራሱ ልጅ ስላለችው ነው።

የግድያውን ቦታ የሠሩት ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። እናቴ አትሄጅም ብላኝ ነበር፣ ሄድሁ። ጥይቱ ሲንጣጣ ጆሮዬን ይዤ ከነዶው ሥር ተወሸቅሁ። ብቅ ስል ጠበቃውና ጌጡ ደም በደም ሆነው ተዘርረዋል። ቀዩ ነገር ከአባቴ ጃኬት ላይ ይንጠባጠባል።

ዳይሬክተሩ «ከት!» አለ። ሁለቱም ብድግ አሉ።

ጌጡ አቧራውን አራገፈ፣ ጀርባውን አከከ፣ «አንድ ጉንዳን ሊጨርሰኝ ነበር እኮ!» አለ። ሁሉም ሳቀ። ሁለቱ ልጆቹ ሮጠው እግሩን ያዙ፣ አንዱን ትከሻው ላይ አወጣውና ሙዝ ገዝቶላቸው ወደ ቤቱ ሄደ። በሕይወቴ በማንም እንደዚያ ቀንቼ አላውቅም። በሶሊ ጫማ አይደለም፣ በጠበቃው አበባ አይደለም። አባታቸው ሞቶ በተነሣው በጌጡ ልጆች ቀናሁ። ፊልም የሚሠራለት ሰው በእርግጥ ይነሣል፤ ብቻ የሚነሣው የሠራው ሰው ነው፣ የተሠራለት አይደለም። ያ የገባኝ እዚያው ነዶው ሥር ሆኜ ነው።

የመጨረሻው ቀን የለቅሶው ነበር። ዳይሬክተሩ ልብስ ይዞ ስለ መዞር ከሰው ሰምቶ «ይህን የመሰለ ነገር እያለ!» እያለ ተንሰፍስፎለታል። የከተማው ሴቶች በሙሉ ተጠርተው መጡ፤ የጎንደር ለቀስተኛ ሆነው ሊሠሩ ነው፤ እናቴም አንዷ ናት። እኔና ሌሎች ልጆች በገመድ ተከልለን ከውጭ ቆምን። ሶሊ ጥቁር ለብሳ መሐል ላይ ነች፤ ልጅ የሚቆምበት ቦታ። ወኪሉ ወንበሩ ላይ ነው።

እቴ ብርቄ ነጠላቸውን አደግድገው ገቡ።

«እማማ፣ ዮናስ እያሉ ነው የሚያለቅሱት» አላቸው ዳይሬክተሩ።

«ሥራውን ንገሩኛ፤ ሥራውን ሳላውቅ ምን ብዬ አወርዳለሁ?»

«ጠበቃ ነው፣ ጀግና ነው፣ ለድሃ የቆመ ነው።»

«እሺ። ልብሱን አምጡ።»

ጃኬቷን ሰጧቸው። እሳቸውም ከፍ አደረጓት፣ ሴቶቹም ደረታቸውን መምታት ጀመሩ፣ ካሜራው ዞረ። «ዮናስ...» አሉ እቴ ብርቄ። ቆሙ። ጃኬቷን ዝቅ አድርገው ክርኑን ገለበጡት፣ ያንን ብርቱካንማ ክር በጣታቸው ዳሰሱት። ሴቶቹም አዩት። ደረት መምታቱ ቆመ።

«ይኼ የማነው?» አሉ።

«የዮናስ ነው፣ እማማ፣ ይቀጥሉ፣ እየቀረጽን ነው!»

«አይደለም።»

«ፊልም ነው እኮ!»

«የሞተ ሰው ልብስ በእጄ ይዤ ስሙን አልቀይርም። ይኼንስ አልችልም ልጄ» አሉ። ዞር ብለው ወኪሉን አዩት። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር፤ ፈርተዋል፣ ሲፈሩ አየኋቸው። ከዚያ ጃኬቷን ከራሳቸው በላይ አንሥተው ድምፃቸውን ለቀቁት፦

«ስንት የወደቀ ሰው አነሣህ ከመንገድ፣
አንተ ወድቀህ ሳለ ምን ዋጠው ያን ዘመድ።»

አንዲት ሴት «ወይ አለቤ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ሁሉም። እናቴ ከመሐላቸው ተወርውራ ወጥታ መሬት ላይ ወደቀች።

«ፈርተን ነው አለቤ ሳናለቅስህ ቀርተን፣
ዛሬ አለቀስንልህ የሰው ለቅሶ መጥተን።»

«ከት! ከት!» ይላል ዳይሬክተሩ። ማን ሰምቶት! የተጀመረ ለቅሶ በከት አይቆምም። ጌጡ ገመዱ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ማልቀስ ጀመረ። ወኪሉ ሚሪንዳውን መሬት አስቀምጦ ወደ መኪናው ሄደ። ይህ ሁሉ ፊልሙ ላይ አለ። ሴቶቹ ደረታቸውን ሲመቱ፣ እናቴ ስትወድቅ፣ እቴ ብርቄ አፋቸውን ሲከፍቱ ይታያል። ድምፃቸውን ግን አጥፍተው ክራር አስገብተውበታል፤ ሰው ለጠበቃው የተለቀሰ ይመስለዋል።

እቴ ብርቄ ጃኬቷን ወደ መሐል ይዘው መጡ። «ልጁ የታለች? ልብሱን ልጁ ትያዝ!» አሉ።

ሶሊ እንደተለማመደችው ወደ ፊት መጥታ አንዱን እጅጌ ያዘች። በእውነት ታለቅስ ነበር፤ እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል፤ ምን እንደሆነ ባታውቅም የሴቶቹ ጩኸት አስፈርቷታል። ካሜራው ወደ እሷ ተጠጋ።

በገመዱ ሥር ሾልኬ ገባሁ። አንድ ሰው ቀሚሴን ያዘኝ፤ ተቀዶ ቀረለት። ሌላውን እጅጌ ያዝሁ። ሶሊ በእንባዋ መሐል አየችኝ፣ ግን አልለቀቀችም።

«ልቀቂ» አልኋት።

አልለቀቀችም። ማልቀሷንም አላቆመችም።

«በቃሽ! አንቺ አባትሽ አልሞተም። ይኼ የኔ ነው። አለባቸው ነው፣ የኔ አባት ነው፣ የማለቅስለት እኔ ነኝ!»

እጅጌውን ለቀቀች። እኔም አለቀስሁለት።